ድቦቼ ለምን ይተኛሉ

ይህን ለማያውቅ ሰው ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፣ ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ሲታመም ከአጠገቡ ላልተለየሁት አባቴም አልነገርኩትም። አባቴ ሳያውቅ ሞተ። ይባስ ብሎ በእኔ እንደኮራ ሞተ። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝና ለማላውቃችሁ ልናገር ነው። ይህም ራሱ ፈሪነት እንደሆነ አላጣሁትም።

ደባርቅ መጥታችሁ አሻንጉሊት ድብ የምትሰፋው ሴት የት ናት ብትሉ ወደ እኔ ነው የሚያመጧችሁ። ሱቄ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ከሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ተራራው ላይ ወዳለው የጨነቅ ካምፕ የሚወጡ እንግዶች መኪናቸውን አቁመው ይገባሉ፤ አንዱን ድብ አንስተው ያገላብጣሉ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ። “ተኝቷል!” አዎ፣ ተኝቷል። የእኔ ድቦች ሁሉ ተኝተዋል። ዓይን መኖር ባለበት ቦታ ላይ በጥቁር ክር ወደታች ጎበጥ ያለ መስመር እሰፋለሁ፤ የተከደነ ዓይን ይመስላል። እንግዶቹ ይህን ሲያዩ ደረታቸው ላይ ያቅፉታል። አንዷማ በአስጎብኚዋ በኩል “አንቺ በጣም የተረጋጋሽ ሰው መሆን አለብሽ” አለችኝ። እኔ! ቀኑን ሙሉ ከክርና ከመርፌ ጋር ስጨቃጨቅ የምውለው እኔ!

የሰፈሬ ሰው ደግሞ ሌላ ይላል። “ዘሀራ አላህን የምትፈራ ናት፤ ነፍስ ላለው ነገር ምስል ዓይን አታደርግም” ይላል። አባቴም የሚለው ይህንኑ ነበር። እንግዶቹም ሰፈሬም ተሳስተዋል። ድቦቼ የተኙት እኔ ዓይን መስፋት ስለማልችል ነው። የማልችለው ስላልተማርኩ ነው። ያልተማርኩት ትርንጎ ትሰፋልኝ ስለነበር ነው። ትርንጎን ደግሞ እኔ... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። ካልሆነ እንደልማዴ ዙሪያውን ስዞር ይመሻል።

እትዬ ስንዱ አዲስ አበባ አንድ የእጅ ሥራ ቤት ውስጥ አሻንጉሊት ሲሰፉ ኖረው፣ የፓርኩን ጥበቃ ስካውት አግብተው ደባርቅ የገቡ ሴት ናቸው። ድሮ አብራቸው የሠራች አንዲት የውጭ አገር ሴት ትልቅ ካርቶን ላከችላቸው። ካርቶኑ ውስጥ ጸጉራም ጨርቅ፣ የብርጭቆ ዓይን፣ ረጃጅም መርፌ፣ ለአንገትና ለእግር መጋጠሚያ የሚሆን ብሎንና ዳዶ፣ የድብ ቅርጽ የተሳለበት ወረቀት ነበር። እትዬ ስንዱም ከቤታቸው ፊት ለፊት አንድ ክፍል ተከራይተው ሥራ የፈታን ልጃገረዶችን ሰበሰቡ። እኔ ትምህርት ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። አባቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ስለነበር፣ ስለ ጨርቅ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል ብዬ እየተንጎማለልኩ ገባሁ።

ምን አውቄ! ጸጉራም ጨርቅ እንደ አቡጄዲ አይቆረጥም። በጀርባው ገልብጣችሁ፣ በመቀሱ ጫፍ ሸማውን ብቻ፣ ጸጉሩን ሳትነኩ ነው የምትቆርጡት። እኔ እንደለመድኩት ቀጭ ቀጭ አድርጌ ስቆርጠው ጸጉሩ አብሮ ተቆረጠና ድቤ እከክ የያዘው ውሻ መሰለ። ጸጉሩ ደግሞ የሚተኛበት አቅጣጫ አለው፤ የሁሉም ቁራጭ ጸጉር ወደታች መውረድ አለበት። የእኔ ድብ አንዱ እግሩ ወደታች፣ አንዱ እግሩ ወደላይ ሆነ። ቀኝና ግራ ጎን መቁረጥ ሲገባኝ ሁለት ግራ ጎን ቆርጬ አረፍኩት። ብናኙስ! አፍንጫዬ ውስጥ፣ ሻይ ውስጥ፣ ሻሼ ውስጥ። እናቴ በር ላይ አስቁማ ካላራገፈችኝ ቤት አታስገባኝም ነበር። እትዬ ስንዱ ደግሞ ሌላ ቃል የማያውቁ ይመስል “ፍቺው” ይላሉ። “ፍቺው ዘሀራ፣ እንደገና።” ሌሊት በህልሜ ሁሉ “ፍቺው” ሲሉኝ እሰማ ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ድብ የሚባለውን እንስሳ አይተን አለማወቃችን ነው። ስሜን ላይ ጭላዳ አለ፣ ዋልያ አለ፣ ቀበሮ አለ። ድብ የለም። ቤት ይዤው ስሄድ ጎረቤቱ “ምንድን ነው እሱ፣ ቡችላ ነው?” ይላል፤ ሌላው “ኧረ ጭላዳ ነው፣ ጅራቱን ረስታው ነው እንጂ” ይላል። እትዬ ስንዱን “ያላየነውን እንዴት ነው የምንሰፋው?” ብዬ ጠየቅኳቸው።

“ገላውን ወረቀቱ ያሳይሻል” አሉኝ። “ፊቱን ግን የምታውቂውን እያሰብሽ ስፊ። ዓይኑ ሰው ካላየ እሱ ድብ አይደለም፣ ትራስ ነው።”

ትርንጎ ከአጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። ደረስጌ ከሚባል ገጠር የመጣች የቄስ ልጅ ናት፤ ደባርቅ አክስቷ ቤት ነበር የምትኖረው። ብዙ አትናገርም፤ ስትናገርም ቀስ ብላ፣ ቃሉን ሞልታ ነው። ዓይን ስትሰፋ ብታዩዋት! መጀመሪያ በአውራ ጣቷ የድቡን ፊት ትዳብሳለች። ዓይኑ የሚገባበትን ቦታ ጫን ጫን አድርጋ ታጎደጉዳለች። ከዚያ ረጅሙን መርፌ አስገብታ በማጅራቱ ታወጣዋለች፤ ክሩን ትስባለች፣ ታያለች፣ ትንሽ ታላላለች፣ እንደገና ትስባለች። ድንገት ያ ጥጥ የተሞላ ጨርቅ ያያችኋል። ምን እያሰብሽ ነው ብላት ሳቀች።

“የአባቴን በቅሎ ነው” አለችኝ። “ጭነቷን ሲያወርዱላት ዞር ብላ ታያቸዋለች። እሱን ነው የማስበው።”

እኔም በቅሎ አሰብኩ። የእኔ ድብ ግን አንዱ ዓይኑ ጣራውን፣ አንዱ ዓይኑ በሩን ነበር የሚያየው።

አባቴ መስፋቴን አልጠላውም። አንድ ቀን ግን ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ የድብ ራስ በጥጥ ስሞላ አየኝና አጠገቤ ተቀመጠ። “ልጄ” አለኝ፣ “ስፊው፣ ሥራ ነው። ዓይኑን ግን አንቺ አታድርጊለት። ነፍስ ያለው ነገር ምስል ባለበት ቤት መላእክት አይገቡም። ዓይን የሌለው ግን ያው ጨርቅ ነው።” እሺ አልኩት። እሺ ስለው ትልቅ እፎይታ ተሰማኝ። ማንም እንዳይሸወድ፤ ለአባቴ ታዝዤ፣ ለሃይማኖቴ ቀንቼ አልነበረም። አልችልም ከማለት አይፈቀድልኝም ማለት እንዴት እንደሚያምር አትጠይቁኝ።

ለትርንጎ ነገርኳት። “እኔ እሰፋልሻለሁ” አለች፣ ወዲያው። እኔም በበኩሌ የምሰጣት ነገር ነበረኝ። ትርንጎ በበዓል ቀን መርፌ አትይዝም፤ የሚካኤል ነው፣ የማርያም ነው፣ አትይዝም። እትዬ ስንዱ ከተማ ለምደው ነው መሰለኝ በወር በዓል ይሠሩ ነበር፤ ሥራውም በቀኑ እንዲደርስላቸው ይፈልጋሉ። እና እሷ በበዓሏ ቀን ሳትሠራ የሚቀርባትን ስፌት እኔ እሰፋላታለሁ፤ እኔ የማልሰፋውን ዓይን እሷ ትሰፋልኛለች። እንዲህ ተባብለን ኖርን። ሰው አያውቅም። እትዬ ስንዱ “የሌላ ሰው እጅ ያረፈበት ድብ ካገኘሁ ሁለታችሁንም ነው የማስወጣው” ብለው አስጠንቅቀውን ስለነበር እርስ በርስ እንኳ ስለ እሱ ጮክ ብለን አናወራም ነበር።

የዚያ ካርቶን ታች ላይ ደግሞ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ አንድ ጨርቅ ነበር። ሌላው ሁሉ ሰው ሠራሽ ጸጉር ነው። ያኛው ሞሄር የሚሉት፣ ከእውነተኛ የፍየል ጸጉር የተሠራ፣ የደረቀ ገለባ መልክ ያለው፣ ስትነኩት እጃችሁን የሚያሳፍር ጨርቅ ነው። ከእሱ አንድ ድብ ብቻ ይወጣል። እትዬ ስንዱ አንድ ቀን አውጥተው አሳዩንና “ሁላችሁም አንዳንድ ድብ ሰፍታችሁ አምጡ። የበለጠችው ይህን ትሰፋለች፤ ከእኔም ጋር ቀርታ ይህን ቤት ትይዝልኛለች” አሉን።

ትርንጎ ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ይዛ ነበር የምትራመደው። ደረስጌ ባል እንደተፈለገላት፣ አክስቷም ከፋሲካ በኋላ ልትመልሳት እንደሆነ ነገረችኝ። “ይህን ካገኘሁ ግን ሥራ አላት ብለው ይተዉኛል” አለች። አይታችኋል? ነግራኛለች። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። እኔ የአባቴ ሱቅ አለኝ፣ ቤት አለኝ፣ ባል ፈልጎ የሚያጣድፈኝ የለም። እኔ የፈለግኩት አንድ ቀን “ፍቺው” ሳልባል መዋል ብቻ ነበር።

ድቦቹን ከምናስረክብበት ቀን አንድ ቀን ቀድሞ ማርያም ዋለ። ትርንጎ የድቧን ፊት ጨርሳ ነበር። ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ ጆሮውን። የቀረው የአንገቱን ዳዶ በብሎን መፍቻ ቁልፍ ማጥበቅ፣ ሆዱን መሙላትና ጀርባውን በስውር ስፌት መዝጋት ነው። በነጠላዋ ጠቅልላ ቤታችን ድረስ አመጣችልኝ።

“ዛሬ ማርያም ናት፣ መርፌ አልነካም” አለች። “አባቴ ቢሰማ ማሠራቱም ያው መሥራት ነው ይለኛል። ቢሆንም ምን ላድርግ። አንገቱን አደራ ዘሀራ፣ ጠበቅ አድርጊልኝ።”

አደራ አለችኝ። እኔም “አታስቢ” አልኳት።

የራሴን ድብ አስቀድሜ ጨረስኩ። ዓይኑን ትርንጎ ባለፈው ሳምንት ሰፍታልኛለች፤ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ከዚያ የእሷን አነሳሁ። የዳዶው ቁልፍ የእናቴ ሣጥን ላይ ነበር። ተነስቼ አላመጣሁትም። ዳዶውን በጣቴ አዙሬ ተውኩት። ጥጡን ሳልጠቀጥቅ ሞላሁት። ጀርባውን በሰፋፊ ስፌት፣ ክሩን ሳልስብ ዘጋሁት። ይይዛል፣ አልኩ። ይይዛል ስል እንደማይይዝ እጄ ያውቅ ነበር። ሰነፍኩ? ደከመኝ? ወይስ ቀናሁ? ስንት ዓመት ራሴን ጠይቄያለሁ። አንዳንድ ጊዜ ስንፍና ነው እላለሁ፤ ስንፍና ከቅናት ይቀላልና። ግን የራሴን ድብ ስዘጋ ቁልፉን ተነስቼ አምጥቼው ነበር። ከተጠቀምኩበት በኋላ ሣጥኑ ላይ የመለስኩት እኔው ነኝ። እንግዲህ ፍረዱ።

ጠዋት እትዬ ስንዱ ድቦቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። የትርንጎ ድብ ገና ሲቀመጥ የሁላችንንም ዓይን ወሰደው። እትዬ ስንዱ ፈገግ ብለው አነሱት። ሲያነሱት አንገቱ እጥፍ አለና ራሱ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለ። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ስፌቱ ተላቆ ጥጡ እየወጣ ነበር።

“ምንድን ነው ይሄ?” አሉ። “ትርንጎ? አንቺ ነሽ ይህን የሰፋሽው?”

ትርንጎ እኔን አየችኝ። ያ ዓይን! እሷ የምትሰፋው ዓይን የራሷ ነው ለካ፣ የበቅሎም አይደል። አልተቆጣችም፣ አልለመነችም፤ እስክናገር ጠበቀችኝ። እሷ ብትናገር በማርያም ቀን ማሠራቷ ይወጣል፤ የእኔ ድብ ዓይንም የማን እንደሆነ ይወጣል፤ ሁለታችንም እንባረራለን። ስለዚህ ለእኔ ተወችው። እኔ “የሰፋሁት እኔ ነኝ” ማለት እችል ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር ብዬ ልዋሽ አልፈልግም፤ አልመጣም። አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነው።

“ቸኩላ ነው፣ እትዬ” አልኩ።

ቸኩላ ነው! ዝም ማለት እንኳ አልበቃኝም። ጠያቂ ሳይጠይቀኝ፣ አዛኝ መስዬ፣ አማላጅ መስዬ፣ ቸኩላ ነው አልኩ። ትርንጎ፣ አንድ ዓይን ለመስፋት ግማሽ ቀን የምትቀመጠው ትርንጎ፣ ቸኩላ! እትዬ ስንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። “አዝናለሁ ልጄ፣ ፊት ብቻውን ድብ አይሆንም” አሏትና ድቡን ጥግ ያለው የቁርጥራጭ ከረጢት ውስጥ ጨመሩት። ከዚያ የእኔን አነሱ። አንገቱ ጠብቋል፣ ጀርባው ተዘግቷል፣ ዓይኑ ያያል። “ይህ ሰው ያያል” አሉ። ሁሉም አጨበጨበልኝ። ትርንጎም አጨበጨበች። ምነው ባላጨበጨበች! ምነው ተነስታ ጸጉሬን በነጨችኝ!

ከፋሲካ በኋላ ደረስጌ ሄደች። ልሰናበታት አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ።

አሁን ደግሞ የመጣብኝን ስሙ። ሞሄሩ እጄ ገባ። ቆረጥኩት፣ ሰፋሁት፣ ሞላሁት፤ እንደ ምንም ገላው አማረልኝ። ዓይን ግን? ማን ይስፋልኝ? አባቴን ረስቼ፣ መላእክቱንም ረስቼ ራሴ ሞከርኩ። ሰፋሁ፣ ፈታሁ፣ ሰፋሁ፣ ፈታሁ። ያ ውድ ጨርቅ ፊቱ ላይ በመርፌ ተበሳስቶ የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት መሰለ። እትዬ ስንዱ “አልደረሰም?” ይላሉ። በመጨረሻ ቀዳዳውን ለመሸፈን በጥቁር ክር ሁለት ጎባጣ መስመር ሰፋሁበት። ሌላ ምንም አላሰብኩም። ቀዳዳ ሸፈንኩ፣ በቃ። እትዬ ስንዱ ድቡን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን ሄዱ። ልባረር ነው ብዬ ነጠላዬን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር።

“ይህን ከእኔ አልተማርሽም” አሉ መስመሮቹን በጣታቸው እየዳበሱ። “ይህ የራስሽ ነው።” አቅፈው ሳሙኝ።

አባቴ ደግሞ ሲያየው “አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ቃሌን አከበረች” አለ። እስኪሞት ድረስ ለሰው ሁሉ ይህን ያወራ ነበር። ደንበኛ ሱቁ በመጣ ቁጥር ያወራል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ጨርቅ አጥፋለሁ።

ይኸው ዛሬ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ልጆች አስተምራለሁ። “ፍቺው” እላቸዋለሁ፣ እኔ! ዓይን አስተምሪን ሲሉኝ “የእኛ ቤት ድብ ይተኛል” እላቸዋለሁ፤ እነሱም ትልቅ ምስጢር የነገርኳቸው ይመስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መደርደሪያው ላይ ያ ያሸነፈው ድቤ አለ። እትዬ ስንዱ ለመታሰቢያ ብለው አልሸጡትም። በትርንጎ ዓይን ሲያየኝ ይውላል። ስንቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት፤ ልጆቹ ሲጠርጉ መልሰው ያዞሩብኛል።

የትርንጎንም ድብ ከቁርጥራጩ ከረጢት አውጥቼ ደብቄው ነበር። ባለፈው ሰሞን በፌስታል ይዤው ዳባት ሄድኩ፤ ትርንጎ እዚያ እንዳለች ሰምቼ ነበር። ባሏን ፈትታ፣ ገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በእግር የስፌት መኪና ልብስ ትጠግናለች። እነዚያ እጆች የሱሪ ዚፕ ይቀይራሉ። አወቀችኝ። ተቀመጪ አለችኝ፤ መኪናውን ግን አላቆመችም። ድቡን አውጥቼ ሰጠኋት። ያዘችው፣ አንገቱን በጣቷ ነካ አደረገችው፣ ተንጠለጠለ።

“ምን ላድርገው?” አለችኝ።

ይቅርታ ልል ሄጄ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? “ነይ አብረን እንሥራ፤ ሥራ አለኝ፣ ገበያው ጥሩ ነው። አንቺ ዓይኑን ትሰፊያለሽ” አልኳት። ይህንን ነው ያልኩት!

ትርንጎ መኪናውን አቆመች። “ዓይን ልሰፋልሽ?” አለች። “አሁንም?”

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመርኩት፤ ድቡ እንዲህ የሆነው በእኔ እጅ እንደሆነ፣ በደልኩሽ እያልኩ ተንተባተብኩ። አላጽናናችኝም። ድቡን መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው።

“ይህን ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ” አለችኝ ቀስ ብላ። “ማን እንደሰፋው እኔ አውቃለሁ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ማርያምም ታውቃለች። የማያውቁት እትዬ ስንዱ ናቸው። አንቺ የማውቀውን ልትነግሪኝ ይህን ሁሉ መንገድ መጣሽ? በይ ሰውየው ሱሪውን ሊወስድ ይመጣል።” ወደ ዚፗ ተመለሰች።

በመኪና ስመለስ መንገዱን ሁሉ ተናደድኩ። በእሷ ተናደድኩ፤ እንዴት አንድ ጊዜ እንኳ አትሰድበኝም ብዬ። ደባርቅ ስደርስ ንዴቱ አለቀብኝና እውነቷን እንደሆነ ገባኝ።

እትዬ ስንዱ አርጅተዋል፤ ግን አሁንም አርብ አርብ እየመጡ ልጆቹ መሐል ይቀመጣሉ። ነገ አርብ ነው። ሁለቱን ድቦች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፣ የሚያየውንና አንገቱ የተንጠለጠለውን። የአንገቱን ዳዶ ላጥብቀው ብዬ ቁልፉን አንስቼ ነበር፤ መልሼ ተውኩት። እንደሰፋሁት ይዩት። ምናልባት ቤቱን ይወስዱብኛል፤ ይውሰዱት። ልጆቹ ምን ይላሉ? ይበሉ። የሚያስፈራኝ እሱ አይደለም። የሚያስፈራኝ ያን ቀን እንዳደረገው አፌ ነገም ሌላ ነገር እንዳይናገር ነው። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ እናንተን አልበደልኳችሁም። ለእናንተ የነገርኳችሁ ቃሉን አፌ እንዲለምደው ብቻ ነው። ከምሽት ጀምሮ ብቻዬን ስለው ቆይቻለሁ፤ ይኸው አሁንም እላለሁ፦ እትዬ፣ ትርንጎ አልቸኮለችም። የሰፋሁት እኔ ነኝ።